ሰነድ የሌለው ኮድ



የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ስንጀምር ርዕስ ፍለጋ ብዙ አልደከምንም። ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ቡድን ለኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚሆን የባትሪ ማሳያ ስክሪን ሠርቶ ነበር። ስንት ፐርሰንት ቻርጅ እንደ ቀረ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደ ሞቀ ለሹፌሩ ያሳያል። እኛ በዚያ ላይ ጨምረን፣ የቀረው ቻርጅ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት ያወጣ እንደሆነ የሚገምት ክፍል ልንሠራ አሰብን። ቦርዱን፣ በፍላሽ የተቀመጠውን ኮድና ሪፖርቱን ተረከብን። ቦርዱን ከባትሪ ጋር ስናገናኘው ስክሪኑ በራ፤ በትክክልም ሠራ። አልሐምዱሊላህ ብለን ኮዱን ከፈትን።

ኮዱን ቢልድ ስናደርገው ግን እምቢ አለ። አንዱ ፋይል የሚፈለገው ከማናውቀው ሰው ዴስክቶፕ ላይ ነው። አንዱ ላይብረሪ በእጅ ተነካክቷል፤ የተነካካው ቅጂ ግን ፍላሹ ውስጥ የለም። ሪፖርቱ የኮምፓይለሩን ስም ይጠቅሳል፤ ቨርዥኑን አይጠቅስም። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ቢልድ ሆነ፣ ቦርዱ ላይ ጫንነው፣ ስክሪኑም በራ። 74 ፐርሰንት ይላል። ባትሪውን በአምፖል እያደከምን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። 74 እንዳለ ቀረ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሌላ ሳምንት ሄደ። ለኮምፓይለር፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጉም ምን ያህል እንዲያፈጥነው የሚነገርበት ትእዛዝ አለ። የቀድሞዎቹ ልጆች ማፍጠኛውን ዘግተው ነበር የሠሩት፤ እኛ የተጠቀምንበት ሴቲንግ ላይ ክፍት ነበር። የባትሪውን መጠን የሚይዘው ቫሪያብል ደግሞ «ቮላታይል» ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ይህን ቁጥር ከዚህ ዙር ውጭ የሚለውጠው የለም ብሎ ገመተ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦም ያዘው። ስህተቱ ከመጀመሪያውም ኮዱ ውስጥ ነበረ፤ ማፍጠኛው ስለ ተዘጋ ተደብቆ ኖረ እንጂ። ኮዱ ያው ነው፣ ቦርዱም ያው ነው። አንዲት አጭር ትእዛዝ ስትለወጥ ስክሪኑ ዋሸ። ይህ ላብ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ፣ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ያለ ሹፌር 74 የሚለውን አይቶ ቢያምን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለመኪና የሚሆን ሶፍትዌር የምንሠራ ተማሪዎች የመጀመሪያውን የኮድ መስመር ከመጻፋችን በፊት የቢልድ ቴምፕሌት ማዘጋጀት አለብን። ቴምፕሌቱም በየባቹ የሚሞት ሳይሆን ከባች ወደ ባች የሚወራረስ መሆን አለበት። ይህን እንደ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን እንደ አማና ማየት ይገባናል።

ለጤናና ለሕግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች ላብራራ። ሰው የሚጽፈውን ኮድ ማሽን በቀጥታ አያነበውም። ኮዱ በኮምፓይለር ይተረጎማል፣ ከላይብረሪዎች ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ ቺፕ ላይ የሚጫን አንድ ፋይል ይወጣዋል። ይህ ጉዞ ነው ቢልድ የሚባለው። በጉዞው ላይ ብዙ ምርጫዎች አሉ፦ የትኛው ኮምፓይለር፣ የትኛው ቨርዥን፣ ለየትኛው ቺፕ፣ በየትኞቹ ትእዛዞች። ቴምፕሌት ማለት እነዚህን ምርጫዎች ከሰው ጭንቅላት አውጥቶ በፋይል የሚያስቀምጥ ባዶ ፕሮጀክት ነው። አዲሱ ቡድን እሱን ወስዶ የራሱን ኮድ ይጨምርበታል፤ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥም ማንም ላፕቶፕ ላይ ያው ፋይል ይወጣል።

ለምን መኪና ላይ አተኮርኩ? አገራችን ወደዚያው እየሄደች ስለሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የቀረጥ ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚገቡ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ሆኑ፤ በከፊል ተበትነው የሚገቡት 5 ፐርሰንት፣ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 ፐርሰንት እንዲከፍሉ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ቀረጡ ራሱ «እዚህ ገጣጥሙ» እያለ ነው። ዛሬ መኪና ማለት ደግሞ ብረትና ጎማ ብቻ አይደለም። በአንድ መኪና ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ባስተዋወቀው ካን ባስ በሚባል መስመር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ብሎኑን እዚህ አጥብቀን ሶፍትዌሩን መንካት ካልቻልን ሥራው ገና ግማሽ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በቀጥታ የመጡ መኪናዎችን ስክሪን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ መኪናው የእኛ ነው፣ ስክሪኑ የሚያናግረው ሌላ ሰው ነው።

ቋንቋው እንኳ ቀላሉ ነው። መንገዳችንን ደግሞ አስቡት። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጋፈጣል። ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፤ የሚያመነጨውን ኃይልም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሹፌሩ ደባርቅ አድሮ ባትሪውን 100 ፐርሰንት ሞልቶ ቢነሣስ? ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም። ሶፍትዌሩ ያን ጊዜ የሞተሩን መያዝ ቀንሶ መደበኛውን ፍሬን ማሠራት ይኖርበታል፤ ፍሬኑ በረጅም ቁልቁለት እንዳይግል ሹፌሩንም ቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። ሜዳ ላይ በተሠራ ከተማ ይህ በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለሰሜን ጎንደር ሰው የማለዳ ጉዞው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የት ይጻፋል? ቴምፕሌቱ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ተሽከርካሪ፣ ለባጃጅም ለሚኒባስም፣ የየራሱ የሴቲንግ ፋይል ይኖራል። «ሙሉ ባትሪ፣ ረጅም ቁልቁለት» የሚል ሙከራም ኮዱ ቢልድ በሆነ ቁጥር ሳይጠየቅ ይካሄዳል። አንድ ተማሪ ሌሊት ደክሞት አንዲት መስመር ቢያበላሽ፣ የሚነግረው ሊማሊሞ ላይ ያለ ሹፌር ሳይሆን ማለዳ ላፕቶፑ ላይ የሚወጣ ቀይ ጽሑፍ ይሆናል።

በመድረሳ ያለፍን ሰዎች ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በአማርኛ ሰነድ የምንለው ቃል በዐረብኛም አለ፤ በሐዲስ ትምህርት ሰነድ ማለት ቃሉን ከአንዱ ወደ አንዱ ያስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት ነው። ኢማሙ ቡኻሪና ኢማሙ ሙስሊም በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ሐዲስን ሲለዩ ቃሉ ማማሩን ብቻ አይተው አልተቀበሉም። ማን ከማን ሰማ? ሁለቱ ተገናኝተው ነበር ወይ? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነበር? ብለው ጠየቁ። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ከተቆረጠ ጥሩ የሚመስል ቃልም ይወድቃል። ኪታብ የቀራ ደረሳም ይህን ያውቃል፤ ኪታቡን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ዓሊም አያደርግም። ከሸኽ ፊት ተቀምጦ ያነበዋል፤ ሸኹም ከሸኻቸው እንዳነበቡት ይታወቃል።

ዲንን ከማሽን ጋር እኩል እያደረግሁ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ግን ጥያቄው ይመሳሰላል። ፍላሹ ላይ ያለው ኮድ ቃሉ ነው። ከቃሉ ወደ ቦርዱ ያደረሰው ሰንሰለት፣ ማለትም ኮምፓይለሩ፣ ላይብረሪውና ትእዛዞቹ፣ ጠፍቷል። እኛም ቃሉን ይዘን ሰንሰለቱን በግምት ሞላነው፤ ውጤቱ 74 ሆነ።

አማና ነው ያልኩትም ተሳፋሪው ይህን ሁሉ ስለማያይ ነው። ጎማ ሲያልቅ ይታያል፤ ሶፍትዌር አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን የናፍጣ መኪናዎቹ ውስጥ በጭስ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይቶ ጠባያቸውን የሚቀይር ሶፍትዌር መኖሩ ሲጋለጥ፣ ነገሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪናዎችን የሚነካ ነበር። ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲነዱ አንዳቸውም በዓይናቸው አይተው ሊያውቁት አልቻሉም። ያ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የእኛ በቸልተኝነት የሚመጣ ነው። ዳገት ላይ ለቆመው ሹፌር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ቴምፕሌቱ ውስጥ ምን ይግባ? በአራት ሳምንት ድካም የተማርነውን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የፎልደሮቹ አቀማመጥ ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ይሁን። ቺፑን የሚነካው ኮድ ለብቻ፣ ስሌት የሚሠራው ለብቻ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ስሌቱን ያለ ቦርድ ላፕቶፕ ላይ መፈተን ይቻላል። አንድ ቦርድ ለአምስት ሰው በሚደርስበት ላብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፓይለሩ ከነቨርዥኑ፣ ትእዛዞቹም በሙሉ በፋይል ይጻፉ። ሲሜክ የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የተለየ ፋይል አለው። ማፍጠኛው የተዘጋበትና የተከፈተበት ሁለት ዓይነት ቢልድ ይኑር፤ ሁለቱም ቦርድ ላይ ይሞከሩ። እኛን የጎዳን ስህተት በዚህ ብቻ በአንድ ቀን ይገኝ ነበር። ኮምፓይለሩ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1998 ለመኪና ሶፍትዌር የወጣው የሚዝራ ሲ የአጻጻፍ ደንብም ቢያንስ ዋና ዋናው ይፈተሽበት።

ሦስተኛ፣ ላይብረሪዎቹና መሣሪያዎቹ በሙሉ ከቴምፕሌቱ ጋር ይቀመጡ። ይህ የውጭ አገር ቴምፕሌቶች የማያስቡት ነገር ነው። እነሱ ቢልድ ሲጀመር የሚያስፈልገውን ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያሳለፈ ተማሪ ግን ይህን አይመርጥም። ኔትወርክ ሲሄድ የሚቆም ቴምፕሌት ለጎንደር ቴምፕሌት አይደለም።

አራተኛ፣ ሙከራዎቹ በየቢልዱ በራሳቸው ይሂዱ።

አምስተኛ፣ የሚወጣው ፋይል ከየትኛው ኮድና ከየትኛው መሣሪያ እንደ ተሠራ የሚናገር ማኅተም ይኑረው። ስክሪኑ ሲበራ ለሁለት ሴኮንድ ቁጥሩ ይታይ። ነገ አንድ ሹፌር «ይሄ ነገር ዋሸኝ» ብሎ ቢመጣ ያንን ቁጥር አንብበን ወደ ምንጩ መመለስ እንችላለን።

ይህን ስናገር ከጓደኞቼ የሰማኋቸው ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ጊዜ የለም» ነው። ሴሚስተሩ አጭር ነው፣ አማካሪው የሚሠራ ነገር አሳዩኝ ይላል፤ ቴምፕሌት ደግሞ አይታይም። እውነት ነው። ነገር ግን አራት ሳምንት የጠፋብን ቴምፕሌት ስንሠራ አይደለም፤ ባለመኖሩ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኢሕሳን በሁሉም ነገር ላይ የተደነገገ መሆኑን ሲያስተምሩ፣ ለእርድ እንኳ ቢላው አስቀድሞ እንዲሳል አዘዋል። ቢላ የሚሳለው ከሥራው በፊት ነው፤ ያ ጊዜ ባክኗል የሚል የለም።

ሁለተኛው «የቺፑ አምራች የሚሰጠው ፕሮግራም ቴምፕሌቱን በአንድ ክሊክ ያወጣዋል» የሚል ነው። ያወጣል፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ግን ያ ቴምፕሌት ስለ ቺፑ ያውቃል እንጂ ስለ አዘዞ ዳገትና ስለ ሊማሊሞ አያውቅም። ሴቲንጉ ማን መቼ እንደ ለወጠውም አይመዘግብም። መነሻ ይሆናል፤ መድረሻ አይሆንም።

ሦስተኛው «እኛ ተማሪዎች ነን፤ አይኤስኦ 26262ን የሚያሟላ ሥራ አይጠበቅብንም» ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የወጣ የተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስ የደኅንነት ደረጃ ነው፤ ማሟላቱም በእርግጥ ከአቅማችን በላይ ነው። የአውሮፓ መኪናና መለዋወጫ አምራቾች እንኳ እርስ በርስ ተፎካካሪ ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ2003 አውቶሳር በሚባል የጋራ ማዕቀፍ ተሰባስበዋል፤ እያንዳንዱ ከዜሮ መጀመሩ እንደማያዋጣቸው ስላዩ ነው። እነዚያ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘው ካልቻሉት፣ አንድ ቦርድ ለአምስት የሚካፈሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀምሩት በምን አቅማቸው ነው?

አራተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይለውም፤ ግን አለ። «ሥራዬን ካስረከብሁ ሌላው ይገለብጠዋል።» ኮዱን የራስህ ማድረግ ትችላለህ፤ ቴምፕሌቱ ግን የመንገድ ያህል ነው። በእሱ ላይ የሄደ ሁሉ የአንተን ጉዞ ሰረቀ አይባልም። ሰው ሲሞት ከማይቋረጡ ሥራዎቹ አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዒልም መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ዒልም ሲባል ኪታብ ብቻ የሚመስለን ከሆነ አጥብበነዋል።

ሩቅ ሳንሄድ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን እናስብ። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን አስቀረጹ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። ሕዝብ ጎትቶ መቅደላ አደረሰው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹም ሄዱ፤ የጋፋትንም ሥራ የቀጠለ አልተገኘም። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ። ከንጉሡ ሞት በኋላ ግን ከጋፋት ሌላ መድፍ አልወጣም። ላባችን ውስጥ ያለውን ቦርድ ሳየው ይህ ትዝ ይለኛል፤ ዕቃው አለ፣ የተሠራበት መንገድ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ሄዷል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ጀማዓችን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ቅዳሜ ከዐሱር በኋላ ሁለት ሰዓት ይኑረን። በአንድ ቺፕ፣ በአንድ ፕሮጀክት እንጀምር፤ የሌላ እምነት ተከታይ የክፍል ጓደኞቻችንም ይምጡ፤ ዳገቱ የሁላችን ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ጀማዓው ይግዛልን። የማስረከቢያ ፈተናውም አንድ ይሁን፦ ከታችኛው ባች የመጣ፣ ፕሮጀክቱን አይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ምንም ባልተጫነበት ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ማንንም ሳይጠይቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢልድ ማድረግ ይቻል። ካቃተው ያልጨረስነው እኛ ነን። መምህራኖቻችንም ይህን ከዲፌንስ በፊት እንደ መስፈርት ቢያዩልን ደስ ይለናል።

የእኛ ቡድን የጀመረው ቴምፕሌት ዝግጁ ነው። ሙሉ አይደለም፤ የሊማሊሞው ሙከራ ገና በወረቀት ላይ ባለ ስሌት እንጂ በእውነተኛ መኪና አልተፈተነም። በውስጡ «አስተላላፊዎች» የሚል አንድ ፋይል አለ፤ የአራታችን ስም፣ የሠራንበት ዓመትና የለወጥነው ነገር ተጽፎበታል። ከላይ ለቀድሞው ቡድን አንድ መስመር ትተናል፤ ስክሪኑን መጀመሪያ ያበሩት እነሱ ናቸውና። ውሰዱት፣ ስህተት ካገኛችሁበት አርሙት፣ ስማችሁንም ከእኛ ስም በታች ጻፉ።

አላህ የምንማረውን ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።